ድመታችንን ሚያው ማለት ያስተማርናት እኛው ነን

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባላል። እናቴ ይህን ተረት ያመጣችብኝ ሻሼ ከትሪ ላይ የዶሮ ቅልጥም መንትፋ አልጋ ሥር የገባች ዕለት ነው። «አንቺ ልጅ፣ ዝም ብለሽ አትድከሚ። ድመት ተመክራ አታውቅም» አለችኝ። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ድመት እንዴት እንደምትማር ማንበብ ጀምሬ ነበር። ካነበብኩት ውስጥ አንዱ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ድመት ሳትማር የምትውልበት ቀን የለም። ትሪ ሲቀርብ እየመጣች ሚያው የምትለው ተምራ ነው። ያስተማርናት ደግሞ እኛ ነን፤ እናቴም ጭምር።

ሻሼ የቤታችን ድመት ናት። ግንባሯ ላይ ሻሽ ያሰረች የሚያስመስል ነጭ ነገር አላት፤ ስሟም ከዚያ መጣ። ቤታችን የገባችው እንደ ብዙ የደሴ ድመት ነው። የጤፍ ጆንያችንን አይጥ በሳው። የጎረቤት ድመት ወልዳ ነበርና አንዷን ሰጡን። ዛሬ ሻሼ ስትጠራ ትመጣለች። ቡና ሲፈላ ምንጣፏ ላይ ትቀመጣለች። መንገድ ስንሄድ ቅርጫቷ ውስጥ ራሷ ትገባለች። የተለየች ድመት ሆና አይደለም። ይህን የምጽፈው ደሴም ኮምቦልቻም ድመት ያለው ቤት ብዙ ስለሆነ ነው። ብዙዎቹ ድመቶች የሚመቱት ደግሞ ጥፋት መሆኑን ባላወቁት ነገር ነው። ያ ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ ድመት ከውሻ ለምን እንደምትለይ እንይ። ውሻ በመንጋ ከሚያድን እንስሳ የመጣ ነው። ሰውም ለዘመናት ለጥበቃ፣ ለአደንና ለከብት እየመረጠ አራብቶታል። የሰውን ፊት ማየትና ማስደሰት ሥራው ሆኗል። የቤት ድመት ግን የመጣችው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው። ያቺ ድመት ብቻዋን ታድናለች፤ አለቃ የላትም። ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ ሰው እርሻ ጀመረ። እህል ሲከማች አይጥ መጣ፤ አይጡን ተከትላ ድመት መጣች። ቆጵሮስ ደሴት ላይ ሰውና ድመት አጠገብ ለአጠገብ የተቀበሩበት 9,500 ዓመት ገደማ የሆነው መቃብር ተገኝቷል። የእኛ የጤፍ ጆንያ ታሪክም ያው የጥንቱ ነው። ማንም ድመትን ትእዛዝ እንድትቀበል ብሎ አላራባትም። አይጥ ከያዘች ይበቃ ነበር።

ስለዚህ «ጎበዝ!» የሚል ቃል ብቻውን ለድመት ክፍያ አይሆናትም። የምትከፈለው በሚበላ፣ በሚሞቅ፣ በጨዋታ ወይም በምትወደው ዓይነት መዳበስ ነው። ይህ ራስ ወዳድነት አይደለም። ተፈጥሮዋ ነው።

አንድ ሙከራ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1898 ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ድመቶች እንዴት እንደሚማሩ አጠና። የተራበች ድመት የእንጨት ሳጥን ውስጥ ያስገባል። ከሳጥኑ ውጭ ምግብ ያስቀምጣል። በሩ የሚከፈተው ውስጥ ያለውን ገመድ ስትስብ ወይም መርገጫውን ስትረግጥ ነው። ድመቷ መጀመሪያ ያገኘችውን ሁሉ ትሞክራለች። ትቧጭራለች፣ ትነክሳለች፣ በቀዳዳ እጇን ትሰዳለች። በአጋጣሚ ገመዱን ትነካለች። በሩ ይከፈታል፤ ወጥታ ትበላለች። እንደገና ያስገባታል። በየዙሩ ሰዓት ይይዛል። የመውጫ ጊዜዋ ቀስ እያለ እያጠረ መጣ። «ገባኝ!» ብላ በአንድ ጊዜ አልነበረም። የማይጠቅማት ድርጊት እየሳሳ፣ የጠቀማት እየጠነከረ ሄደ። ቶርንዳይክ ይህን የውጤት ሕግ አለው። ጥሩ ነገር ያስከተለ ድርጊት ይደገማል፤ ምንም ያላስከተለ ይከስማል።

ሌላው የመማሪያ መንገድ ደግሞ ሁለት ነገር ማገናኘት ነው። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኢቫን ፓቭሎቭ በውሾች ያሳየው ነው። ከሥጋ ቤት ስትመለሱ ፌስታሉ ኮሽ ሲል ድመታችሁ ከጓሮ ከመጣች፣ ኮሽታውንና ሥጋውን አገናኝታለች ማለት ነው። ቢላ መክተፊያ ላይ ሲያርፍ የምትሮጠውም እንዲሁ። ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማራትም። ኮሽታው ሁልጊዜ ከሥጋው ቀድሞ ስለመጣ ብቻ ነው።

የቀረው ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ ዝርዝር ነው። ዋናው ዝርዝር ደግሞ ሰዓት ነው።

ጉርሻው መቼ ይሰጥ?

ሽልማቱን ጉርሻ እያልኩ እሄዳለሁ፤ ለእኛ የሚቀርበን ቃል እሱ ነው። ጉርሻው ከድርጊቱ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ መድረስ አለበት። ነገሩን በምሳሌ ላሳይ። ሻሼን «ተቀመጪ» አልኳት እንበል፤ ተቀመጠች። እኔ ደስ ብሎኝ ወደ ጓዳ ሄድኩ፣ ሥጋ ፈለግኩ፣ ቆረጥኩ፣ ተመለስኩ። እሷ ግን ተነስታ ተከትላኝ እግሬ ላይ እየተሻሸች ነው። ጉርሻውን ስሰጣት የከፈልኳት ለመቀመጧ ነው? አይደለም። እግር ላይ ለመሻሸቷ ነው። ነገ ተቀመጪ ስላት ትሻሸኛለች፤ እኔም አትሰማም እላለሁ። ብዙ ሰው «ድመቴ አትማርም» የሚለው እዚህ ላይ ተሰናክሎ ይመስለኛል።

ይህን የሰከንድ ጉዳይ የሚያቀል ዘዴ አለ። አንድ አጭር ድምፅ ትመርጣላችሁ። እኔ ጠቅ የሚል እስክሪብቶ ነው የምጠቀመው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ከድመቷ ምንም አትጠይቁም። ጠቅ ታደርጋላችሁ፣ ወዲያው ጉርሻ። ጠቅ፣ ጉርሻ። በቀን አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ። ያኔ ጠቅታው ራሱ «ጉርሻ እየመጣ ነው» የሚል ትርጉም ይይዛል፤ እንደ ፌስታሉ ኮሽታ። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ስታደርግ በዚያችው ቅጽበት ጠቅ ማድረግ ነው። ሥጋው ሦስት ሰከንድ ዘግይቶ ቢመጣ ችግር የለውም፤ ድርጊቱ ላይ ምልክት አድርጋችኋል። ጠቅታው የሚያስደነግጣት ከሆነ ምላስን ከላንቃ እያላቀቁ ቀለል ያለ ድምፅ ማሰማት ይቻላል። አንድ ሕግ ግን አለ። ጠቅ ካላችሁ መክፈል ግድ ነው፤ በስህተት ጠቅ ብትሉም።

የጉርሻው መጠን የምስር ወይም የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ከፍ ካለ ሁለት ሦስት ዙር ሳትሠራ ትጠግባለች። ልምምዱ ከምግብ ሰዓቷ በፊት ይሁን። ሁለት ሦስት ደቂቃ በቂ ነው። ድመቷ ጀርባዋን ሰጥታ መላስ ከጀመረች ለዛሬ አብቅቷል።

መቀመጥን ለማስተማር ደግሞ መጫን አያስፈልግም። ሥጋውን ከአፍንጫዋ ፊት ያዙና ወደ ግንባሯ፣ ከግንባሯ ወደ ኋላ ቀስ አድርጉ። ጭንቅላቷ ቀና ሲል መቀመጫዋ ራሱ መሬት ይነካል። ጠቅ፣ ጉርሻ። ሥጋውን ከፍ ካደረጋችሁት በሁለት እግሯ ትቆማለች። ቃሉን የምትጨምሩት ግን ድርጊቱን ከለመደች በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን «ተቀመጪ» እያሉ መደጋገም ቃሉን ተራ ጩኸት ያደርገዋል።

ስሟን ማስለመድ ከሁሉም ይቀላል። አጭር ስም፣ በየጊዜው ከጉርሻ ጋር። እ.ኤ.አ. በ2019 ጃፓናዊቷ ተመራማሪ አትሱኮ ሳይቶና ባልደረቦቿ ድመቶች የራሳቸውን ስም ከሌሎች ተመሳሳይ ቃላት እንደሚለዩ አሳይተዋል። ጆሯቸውንና ጭንቅላታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። መምጣት አለመምጣት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ በክፍያው ይወሰናል። እዚህ ላይ የምንሠራው ትልቅ ስህተት አለ። ድመቷን ጠርተን ስትመጣ እናጥባታለን፣ መድኃኒት እንግታለን ወይም እንቆጣታለን። ያኔ ስሟ መጥፎ ነገር የሚያስከትል ድምፅ ይሆናል። የማትወደውን ልታደርጉባት ከሆነ አትጥሯት። ሄዳችሁ ያዟት።

የትሪው ጉዳይ

አሁን ወደ እኛ ቤት ልመለስ። ቤታችን አምስት ሰው አለ። አባቴ ለሻሼ ከትሪ ላይ ሰጥቶ አያውቅም። እኔም ትቻለሁ። የእህቴ ልጅ ተደብቆ ይሰጣታል። እናቴ «ሂጂ ከዚህ!» ትላትና ምግቡ ሲያልቅ አንድ አጥንት ትወረውርላታለች። እንግዳ የመጣ ቀን ደግሞ እንግዳው ያዝንላታል። እንግዲህ ሻሼ አሥር ጊዜ ሚያው ብላ ምናልባት ሁለቴ ታገኛለች ማለት ነው።

አሥሬ ብላ ሁለቴ ብቻ ካገኘች ተስፋ ትቆርጣለች ይመስላል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ቢ. ኤፍ. ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በአይጥና በርግብ ያሳየው ይህንኑ ነው። ሁልጊዜ የሚከፈል ድርጊት ክፍያው ሲቆም ቶሎ ይቆማል። አንዳንዴ ብቻ፣ መቼ እንደሆነ ሳይታወቅ የሚከፈል ድርጊት ግን አይሞትም። ሎተሪ የሚቆርጥን ሰው አስቡት። ሃምሳ ጊዜ አልደረሰውም፤ ሃምሳ አንደኛውን ይቆርጣል፤ ምክንያቱም አንድ ቀን ትንሽ ደርሶት ያውቃል። ሻሼ ትሪው አጠገብ የምትቆርጠው ሎተሪ ነው። ዕጣውን የምናወጣላት እኛ ነን። «አልፎ አልፎ ብቻ ነው የምሰጣት» የሚል ሰው ከሁሉ ይልቅ ጠንካራውን ልማድ እየተከለ ነው።

እንዴት ይቆማል? ሁሉም ሰው አንድ ላይ ሲያቆም። በዚህ ጉዳይ ላይ ግማሽ የለም። አንድ ማታ እራት ላይ ተነጋገርን። ከትሪ ላይ ለሻሼ ማንም እንዳይሰጥ፤ የሚሰጣት ካለም በሳህኗ እንዲሆን። እናቴ ከልቧ ባይሆንም ተስማማች።

ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድማችሁ ካላወቃችሁ ትሸነፋላችሁ። ይከፈል የነበረ ድርጊት በድንገት ክፍያው ሲቀር መጀመሪያ ይብሳል። ሻሼ በሁለተኛው ቀን ድምፅዋ ጨመረ። በሦስተኛው ቀን የእናቴን ቀሚስ በጥፍሯ መጎተት ጀመረች። በአራተኛው ቀን ትሪው ላይ ልትወጣ ሞከረች። አምስተኛው ቀን ላይ እናቴ አንጀቷ አልችል ብሎ ቁራሽ ሥጋ ሰጠቻት። ይህ ምን እንዳስተማራት አስቡ። «አራት ቀን ጩኺ፣ ቀሚስ ጎትቺ፣ ያኔ ታገኛለሽ።» ከበፊቱ የባሰ ጩኸት ገዛን። እናቴን አልወቀስኳትም፤ ርኅራኄ ነው። ግን ለሻሼም ደግ አልሆነላትም፤ ቀኑን ሙሉ በጉጉት የምትጨነቅ እንስሳ ሆነች።

ሁለተኛውን ዙር ለየት አድርገን ጀመርን። እኛ ከመብላታችን በፊት እሷ ትበላለች። ጠግባ የምትለምን ድመት ብዙ አትገፋም። ከዚያ ደግሞ ከልመናው ሌላ የምትከፈልበት ሥራ ሰጠናት። ምንጣፏ ላይ መቀመጥ። ዝም ብሎ «አታድርጊ» ማለት ለድመት ባዶ ነው። በምትኩ ምን ታድርግ? ያ ሲመለስላት ነገሩ ይቀላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጩኸቱ ቆመ ማለት ይቻላል።

ቡናና ምንጣፍ

ምንጣፉን በደንብ የተለማመድነው ቡና ላይ ነው። ደሴ ውስጥ ቡና ሳይፈላ የሚውል ቤት ጥቂት ነው። ረከቦቱ መሬት ላይ ነው። ሲኒው ተደርድሯል። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፤ ድመት ደግሞ ሣር ማኘክ ትወዳለች። ከሰሉ ይሞቃል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሲጨመርበት ድመት ከሰል ዳር ባትሄድ ነው የሚገርመው። ስለዚህ ሻሼ መጥታ ረከቦቱን ብትዞር በእሷ ቦታ ብንሆን እኛም እናደርገዋለን።

አሮጌ ጋቢ አጥፈን አጭር ሳጥን ላይ አነጠፍንላት። ከከሰሉ ራቅ ያለ፣ ግን ሙቀቱ የሚደርሰው፣ ጭሱ የማይሄድበት ቦታ መረጥን። ከፍ ማለቱ አስፈላጊ ነው፤ ድመት ከላይ ሆና ማየት ትወዳለች። ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ቤት ነገሩ ይገለበጣል። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዳችሁ 1,850 ሜትር ገደማ ስትደርሱ ሙቀቱ ሌላ ነው። የአክስቴ ድመት ጋቢውን ናቀችው፤ በር ሥር ያለውን ቀዝቃዛ ሲሚንቶ መረጠች። ቦታውን ድመቷ ራሷ ብትመርጠው ግማሹ ሥራ አልቋል።

ከዚያ በደረጃ። መጀመሪያ ረከቦት በሌለበት፣ ሰው በሌለበት ሰዓት። አንድ እግሯ ጋቢውን ሲነካ ጠቅ፣ ጉርሻ። ቀጥሎ አራቱም እግሮች። ቀጥሎ ቁጭ ስትል። ቀጥሎ ቁጭ ብላ ሦስት ሰከንድ፣ አምስት፣ አሥር። ጉርሻው ሁልጊዜ ጋቢው ላይ ነው የሚቀመጥላት፤ በእጅ አይደለም። ቦታው ራሱ ጥሩ ነገር የሚገኝበት እንዲሆን ነው። ከሳምንት በኋላ ባዶውን ረከቦት አወጣን። ከዚያ ሲኒ ጨመርን። ከዚያ ቡናውን አፈላን። በመጨረሻ ጎረቤት ጠራን። አንዱ ደረጃ ላይ ሁለት ሦስቴ ከወረደች የቸኮላችሁት እናንተ ናችሁ፤ አንድ ደረጃ ተመለሱ። አሁን በአቦል አንድ፣ በቶና አንድ፣ በበረካ አንድ ጉርሻ ታገኛለች። በመካከሉ ትተኛለች። አጠቃላይ ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጅቷል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ጉርሻ አንዳንዴ ብቻ መስጠት ልማድ ያጠነክራል ካልን፣ ለምን ለጥሩው ልማድ አንጠቀምበትም? እንጠቀምበታለን። አዲስ ነገር ስታስተምሩ በየጊዜው ክፈሉ። ከለመደች በኋላ አንዳንዴ ዝለሉ። ትሪው ላይ ሲጎዳን የነበረው ያው ሕግ ምንጣፉ ላይ ይሠራልናል።

ሽንት ቤትና ጥፍር

ሽንት ቤት ላይ ድመት ብዙ አታስቸግርም። ቆፍሮ መቅበር በደሟ ያለ ነው። የሚያስፈልገው ልል ነገር፣ ንጹሕ ዕቃና ጸጥ ያለ ጥግ ነው። ጎኑ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ወይም ዝቅ ያለ ሳፋ ይሆናል። አሸዋ ወይም ከአናጢ ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ አራት ጣት ያህል ሙሉበት። ከምትበላበት ቦታ አርቁት። ግልገሏን ከበላች በኋላና ከእንቅልፍ ስትነሳ ወስዳችሁ አስቀምጧት። በየቀኑ ዛቁት፤ ከሸተተ ሌላ ቦታ ትፈልጋለች። በየቀኑ ማንሳቱ ለሰውም ይጠቅማል። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሕዋስ በድመት ዓይነ ምድር ከወጣ በኋላ ሰውን ለመያዝ የሚደርሰው ከ1 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ብትተው ይመረጣል።

ሶፋ ላይ ከሸናች አፍንጫዋን እዚያ ማሻሸት ምንም አያስተምራትም። ድርጊቱ ካለፈ ቆይቷል፤ የምትማረው እናንተን መፍራት ብቻ ነው። ቦታውን በሳሙናና በውሃ እጠቡ፣ ከዚያ በውሃ የቀጠነ አቼቶ አስከትሉ። በረኪና ሽንት ላይ አታፍስሱ፤ ከሽንቱ ጋር ሲገናኝ ለሳንባ መጥፎ ጋዝ ያወጣል። ድሮ ጨዋ የነበረች ድመት በድንገት ከቦታዋ ውጭ መሽናት ከጀመረች ሕመም ሊሆን ይችላል። በተለይ ወንድ ድመት እየቃተተ፣ እየተንጠራራ ሽንት ካልወጣው ቀን አትጠብቁ። የሚገድል ነገር ነው፤ በዚያው ዕለት የእንስሳት ሐኪም ይየው። ወንድ ድመት ቆሞ ግድግዳ ላይ የሚረጨው ደግሞ ሌላ ነው፤ ክልሉን ማስታወቁ ነው። በሥልጠና ብዙም አይመለስም። ማስኮላሸት ግን በአብዛኛው ያቆመዋል።

ሶፋ መቧጨሯን ማስቆም አይቻልም፤ ቦታውን መቀየር ግን ይቻላል። ድመት የምትቧጭረው የጥፍሯን አሮጌ ሽፋን ለማውለቅ፣ ጡንቻዋን ለመዘርጋትና ከመዳፏ የሚወጣውን ጠረን ለመተው ነው። ወፍራም እንጨት ላይ የቃጫ ገመድ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙ፤ ወይም ኬሻ ምቱበት። ስትንጠራራ እንዲደርሳት ረዘም ይበል፤ እንዳይወድቅም ይጠንክር። ጓዳ ውስጥ አትደብቁት። የምትቧጭረው ሶፋ አጠገብ አቁሙትና ስትነካው ክፈሏት።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት እየቀሰቀሰች የምታስቸግራችሁ ካለች ተፈጥሮዋ ነው። ድመት የምትነቃቃው ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ አይጥ የሚወጣበት ሰዓት። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ገመድ ጫፍ ላይ ጨርቅ አስራችሁ አሥር ደቂቃ አባርሯት፣ ከዚያ አብሏት። ታድናለች፣ ትበላለች፣ ራሷን ትልሳለች፣ ትተኛለች። ሌሊት ሚያው ስትል ተነስታችሁ ከሰጣችኋት የትሪውን ሎተሪ መኝታ ቤት አስገባችሁት።

ምን እናጉርሳት?

የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ፣ ጨው የሌለው ዓሣ፣ የተቀቀለ ሳምባ። ጉበት ትወዳለች፤ ግን ትንሽ ብቻ፤ ሲበዛ ቫይታሚን ኤ ይመርዛታል። ብስኩትና ስኳር ጉርሻ አይሆኑም፤ የድመት ምላስ ጣፋጭ አይለይም። ለትልቅ ድመት ወተት ብዙ ጊዜ ተቅማጥ ያመጣል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል፤ እናቴ የምትወረውረውን ያስቆምንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስለ ወጥ አጥብቄ ልናገር። እኛ ለድመት የምንሰጠው የተለመደ ነገር ፍትፍት ነው። ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፤ ቢበስልም መርዙ አይጠፋም። በጾም ወራት ነገሩ ይከብዳል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የጾመ ቤት ድመቷንም ያለማወቅ ያስጾማታል። ድመት ግን ከሥጋ ውጭ መኖር አትችልም። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከእንስሳ ምግብ ብቻ ነው የምታገኘው። ካጣች በጊዜ ብዛት ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧ ይደክማል። አይጥ እየያዘች ትኑር የሚል ካለ፣ ቤቱ የአይጥ መርዝ የሚጠቀም ከሆነ መርዙን የበላውን አይጥ ስትበላ እሷም ትመረዛለች። ስለዚህ በጾምም ለእሷ የሚሆን ነገር አስቡላት። እኛ የምንወስደውን ፓራሲታሞል ደግሞ ለድመት በፍጹም አትስጡ፤ ግማሽ ፍሬ ይገድላል።

ዱላስ?

አይሠራም። ርኅራኄውን ለጊዜው እንተወውና ከመማር አንጻር ብቻ እንየው። ቅጣት ድርጊትን ሳይሆን ቀጪውን ነው የሚያስታውሳት። ድመቷ የምትማረው «እሷ ባለችበት ትሪ ላይ አይወጣም» ነው። እናንተ ዞር ስትሉ ትወጣለች። ውሃ መርጨትም እንዲሁ። በዚያ ላይ የፈራች ድመት ጉርሻ አትቀበልም፤ ስለዚህ የቀረውንም ማስተማር አትችሉም። ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት በዚያ ምክንያት መቀጣቷን የሚናገረውን ሐዲስ ሙስሊም ጎረቤታችን ደጋግመው ይነግሩናል። ሻሼን የሰጡንም እሳቸው ናቸው። ሲሰጧችሁ ምን አደራ አሏችሁ ብባል እሱን ነው የማነሳው።

ስትነክስ ምን ይደረግ? ጨዋታው ወዲያው ይቁም። አትጩኹ፣ እጃችሁን አትንጠቁ፤ ዝም ብላችሁ ተነሱና ሂዱ። ከመጀመሪያውም በእጅ አታጫውቷት። ግልገል ከእናቷ ቶሎ ከተለየች መንከስ ይበዛባታል፤ ቢያንስ 8 ሳምንት ከእናቷ ጋር ትቆይ። ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ በሰው እጅ በርጋታ የተዳሰሰች ግልገል ሰው አትፈራም፤ ይህ ጊዜ ካለፈ ሥራው ይረዝማል እንጂ አይቀርም። አብሽሩ፣ ትልቅ ድመትም ትማራለች። የምትፈራችሁን ድመት ፊት ለፊት አፍጥጣችሁ አትዩ። ዓይናችሁን ቀስ አድርጋችሁ ክደኑ፣ ቀስ አድርጋችሁ ግለጡ። እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ አገር የተሠራ ጥናት እንዲህ ያደረገላቸውን ሰው ድመቶች ይበልጥ እንደሚቀርቡ አሳይቷል። እኔም ሻሼ ላይ አይቼዋለሁ፤ እሷም መልሳ ትከድናለች።

የማታውቋት ወይም ጠባይዋ በድንገት የተለወጠ ድመት ነክሳ ካደማች ግን የሥልጠና ጉዳይ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን አለ፤ ድመትም ትይዘዋለች። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ።

የቀረኝ ቅርጫቱ ነው። ብዙ ድመት ቅርጫት የምታየው ልትወሰድ ስትል ብቻ ነው። ስለዚህ ገና ሲወጣ ትደበቃለች፤ ኮሽታውና ሥጋው እንደተገናኙት ሁሉ ቅርጫቱና ፍርሃቱ ተገናኝተዋል። እኛ ክዳን ያለውን ቅርጫት ለአንድ ወር ሳሎን ውስጥ ክፍቱን ተውነው። ውስጡ የእኔን አሮጌ ሹራብ አደረግን። መጀመሪያ ሳህኗን አጠገቡ፣ ከዚያ አፉ ላይ፣ ከዚያ ውስጥ። ስትገባ አልዘጋንባትም። በሦስተኛው ሳምንት ክዳኑን ለአንድ ሰከንድ ዘግተን ከፈትን፣ ጉርሻ። ከዚያ አንስተን እስከ በር፣ ከዚያ እስከ አስፋልት። አሁን አክስቴ ጋ ስንሄድ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ናት። የሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ አንዴ ሚያው ትላለች። እጄን በቀዳዳው ላይ አደርግላታለሁ። ኮምቦልቻ ሲደረስ ክዳኑ ተከፍቶም ቶሎ አትወጣም።